ለዛውና ሂሳቡ፤ በኤል ኮርቴዝ ሆቴል ላይ የቀረበ ሂስ

ሕንጻ ከሌሎቹ የጥበብ ሥራዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። መጽሐፍን ያልፈለገው አይገልጠውም፤ ቴያትርን ያልወደደው ከአዳራሹ ደጃፍ አይደርስም። ሕንጻ ግን በመንገድ ዳር ቆሞ የወደደውንም ያልወደደውንም አላፊ አግዳሚ ሁሉ ያናግራል። ሲያናግርም የሠራውን እጅ ብቻ ሳይሆን ያሠራውን ኪስ፣ የሚገባበትን እንግዳ ብቻ ሳይሆን እንዳይገባ የተከለከለውንም ሰው ጭምር ይናገራል። ስለዚህ በአንድ አሮጌ ሕንጻ ላይ የሚቀርብ ሂስ «ያምራል» ወይም «አያምርም» በማለት ብቻ ሊያበቃ አይችልም። ውበቱ ከምን እንደ መነጨ፣ ማንን እንዳገለገለና ዛሬ ምን እንደሚሸጥበት መመርመር ይኖርበታል።

ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ተስማሚ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ በአሜሪካ፣ በኔቫዳ ግዛት፣ በላስ ቬጋስ ከተማ የሚገኘው ኤል ኮርቴዝ የተባለው የቁማር ሆቴል ነው። ቤቱ በፍሬሞንት ጎዳና ላይ ኖቬምበር 7 ቀን 1941 ዓ.ም. ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ባለቤቶቹ ቢፈራረቁም ስሙ አልተለወጠም። በከተማይቱ ካሉት የቁማር ሆቴሎች ሁሉ ሥራውን ሳያቋርጥ ረጅም ዘመን የቆየው ይኸው መሆኑ ይነገርለታል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሀገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ወደዚህ ቤት የሚዘልቁ ጎብኚዎች አዘውትረው የሚያነሡት ነገር ቢኖር የድሮ ለዛውን ነው። ይህ አነጋገር ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ለዛ ከሰማይ የሚወርድ ጠል ስላልሆነ፣ ምንጩ ሊታወቅ፣ ዋጋውም ሊተመን ይገባል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሂስ የኤል ኮርቴዝን ለዛ ለመካድ የተሰነዘረ አይደለም፤ ለዛውና ሂሳቡ በአንድ ጣራ ሥር እንደሚያድሩ ለማሳየት ነው።

ከተማይቱና ዘመኑ

ላስ ቬጋስ የሚለው ስም በስፓኒሽ ቋንቋ «መስኮቹ» ማለት ነው። በበረሃ መካከል ውኃ የሚፈልቅበት ይህ ሥፍራ የፓዩት ሕዝቦች መኖሪያ ነበር። ከሜክሲኮ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1848 ዓ.ም. ሲያበቃ በአሜሪካ ግዛት ሥር ገባ። በሜይ 15 ቀን 1905 ዓ.ም. የባቡር ኩባንያው መሬቱን ሸንሽኖ በጨረታ ሲሸጥ ከተማይቱ ተቆረቆረች። እንግዲህ ላስ ቬጋስ ገና ስትወለድ ጀምሮ የሽያጭ ልጅ ነች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የከተማይቱን ዕጣ የወሰነው ግን 1931 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በማርች ወር የኔቫዳ ግዛት ቁማርን በሕግ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የኮሎራዶን ወንዝ የሚያግደው ታላቁ የሁቨር ግድብ ሥራ ተጀመረ። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት የበረታበት በመሆኑ ሥራ ያጣ ሰው ከአራቱም ማዕዘን ወደ በረሃው ጎረፈ። መንግሥት ለግድቡ ሠራተኞች ባሠራት በቦልደር ሲቲ ቁማር የተከለከለ ነበርና፣ ሠራተኛው ደመወዙን በተቀበለ ቁጥር ፊቱን ወደ ፍሬሞንት ጎዳና ያዞር ጀመር። ቀን በቋጥኝ መካከል በላብ የተገኘው ገንዘብ ማታ በካርታ ጠረጴዛ ላይ ይበተን ነበር። ፍሬሞንት ጎዳና ያደገው የሠርቶ አደሩን ደመወዝ እየተመገበ ነው።

ኤል ኮርቴዝ የተሠራው ከዚህ አሥር ዓመት በኋላ ነው። ማሪዮን ሂክስና ጄ. ሲ. ግሬይሰን የተባሉት ባለሀብቶች ሲያስገነቡት፣ ማደሪያን፣ ምግብንና ቁማርን በአንድነት ያጣመረ ትልቅ ቤት በመሐል ከተማ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። ሆቴሉ በተከፈተ ልክ በወሩ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ የፐርል ሐርበር የባሕር ኃይል ሠፈር ተደበደበና ሀገሪቱ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች። የጦርነቱ ዘመን ደግሞ ለከተማይቱ አዲስ ደመወዝተኛ አመጣላት። ወታደሩና የማግኒዝየም ፋብሪካው ሠራተኛ የግድቡን ሠራተኛ ተኩ።

በዚያው በ1941 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር ከከተማው ወጣ ብሎ በአውራ ጎዳናው ዳር ኤል ራንቾ ቬጋስ የተባለ ሌላ ሆቴል ተከፍቶ ነበር። እነዚህ ሁለት ቤቶች የሁለት ዓይነት ኪነ ሕንጻ መነሻ ናቸው። ኤል ኮርቴዝ የእግረኛ ቤት ነው፤ በሩ በቀጥታ ወደ እግረኛው መንገድ ይከፈታል። ኤል ራንቾ ግን የባለ መኪና ቤት ነበር፤ ከመንገዱ ገባ ብሎ ሰፊ ግቢ ይዞ ይቀመጣል። ካፒታል ሁለተኛውን መረጠ። «ስትሪፕ» የተባለው የግዙፍ ሆቴሎች መደዳ የበቀለው በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ነው። የመደዳው በኩር የነበረው ኤል ራንቾ ራሱ ግን በ1960 ዓ.ም. በእሳት ወደመ።

ከዚያ ወዲህ በስትሪፕ ላይ የሆነው ነገር ለኪነ ሕንጻ ታሪክ ተማሪ እጅግ የሚያስገርም ነው። ዱንስ በ1993፣ ሳንድስ በ1996፣ ስታርደስት በ2007፣ ትሮፒካና ደግሞ በ2024 ዓ.ም. በፈንጂ እንዲፈርሱ ተደረገ። ሲፈርሱም ሕዝብ ተሰብስቦ እንዲያይ፣ ርችትም እንዲተኮስ የተደረገበት ጊዜ አለ። ሌሎች ከተሞች የሕንጻዎቻቸውን መመረቅ ሲያከብሩ፣ ይህች ከተማ ግን የሕንጻዎችዋን ሞት ወደ ትርዒት ለወጠች። ኤል ኮርቴዝ የሚመዘነው እንግዲህ በዚህ አንጻር ነው፤ በሚያፈርስ ከተማ ውስጥ ሳይፈርስ የቀረ ቤት ነው።

ለምን ቀረ? የቅርስ ፍቅር አዳነው ለማለት አይቻልም። ትልቁ ገንዘብ ወደ ስትሪፕ በመሸሹ መሬቱ ለማፍረስ የሚያጓጓ ዋጋ ሳያወጣ ብዙ ዘመን ቆየ። በ1995 ዓ.ም. የፍሬሞንት ጎዳና ምዕራባዊ ክፍል በግዙፍ የብርሃን ጣራ ሲሸፈን፣ ኤል ኮርቴዝ ከጣራው ውጭ በምሥራቅ በኩል ቀረ። ከዚህም ጋር ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ለ45 ዓመት ባለቤቱ የነበረው ጃኪ ጎዋን በቤቱ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ በስተርጅናውም ሳይቀር ከደንበኞቹ ጋር ካርታ የሚጫወት ሰው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሸጦት እንኳ ከዚያው አልራቀም፤ በ2014 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ የሚያድርበት ቤት በቀላሉ አይፈርስም። የለዛው የመጀመሪያ ምንጭ ይኸው ነው፤ ከገበያው መንገድ ዳር መቅረቱና ከአንድ ሰው ዕድሜ ጋር መተሳሰሩ።

የውጭ ገጽታው

ኤል ኮርቴዝ የተነደፈው የስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን አሠራርን በሚመስል ፈሊጥ ነው። ዝቅ ያለ ቁመቱ፣ ጡቡና የሸክላ ጣራው በሜክሲኮና በካሊፎርኒያ የነበሩትን የከብት እርባታ ባለጸጎች መኖሪያ ያስታውሳሉ። ስሙም ቢሆን በ1521 ዓ.ም. የአዝቴኮችን መናገሻ የደመሰሰውን ድል አድራጊ ኤርናን ኮርቴስን ወደ ኅሊና ያመጣል። ነገር ግን ኮርቴስ በዚህ በረሃ አላለፈም፤ ባለ ሸክላ ጣራው የከብት እርባታ ጌታም በዚህ ጎዳና ላይ አልኖረም። ገና ሠላሳ ስድስት ዓመት የሆናት ከተማ ታሪክን እንደ ልብስ ተውሳ ለበሰች። የሚያሳዝነውም ነገር ከወራሪውና ከወራሹ መካከል ለስም የተመረጠው ወራሪው መሆኑ፣ የውኃው ምንጭ ባለቤት የነበሩት ፓዩቶች ግን በፊት ገጹ ላይ አንድም ምልክት ያላገኙ መሆናቸው ነው።

ይህ ማለት ግን ቅርጹ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ዝቅ ማለቱ ለእግረኛው ዐይን ይመቻል። ሰው ቀና ሳይል ጣራውን፣ ሳይፈልግ በሩን ያገኛል። በ1952 ዓ.ም. የተደረገው እድሳት ፊት ገጹን ዘመናዊ ካደረገው በኋላ የውጭ መልኩ ብዙ አልተነካም። ኋላ ከጎኑ የተቀጠለው ረጅም ፎቅ ሚዛኑን ትንሽ ቢያዛባውም፣ የመንገዱን ጥግ ይዞ የቆመው አሮጌው አካል አሁንም የበላይነቱን አላስነጠቀም።

በጣራው ላይ ያለው የኒዮን ጽሑፍ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። የኒዮን መብራት የእጅ ጥበብ ነው። ባለሙያው የመስታወቱን ቧንቧ በእሳት አለዝቦ፣ በትንፋሹ እየነፋ፣ በእጁ እያጠፈ ፊደል ያወጣዋል። ኒዮን የተባለው ጋዝ ሲሞላበት ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ አርጎን ከሜርኩሪ ጋር ሲሆን ሰማያዊ። ፊደሉ ከመብራቱ በፊት የአንድን ሠራተኛ ትንፋሽ የተቀበለ ነው ማለት ነው። ዛሬ በዚያው ጎዳና ምዕራባዊ ጫፍ በጣራው ላይ የሚንቦገቦገው ግዙፍ የብርሃን ሥዕል በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ ምንም አይናገርም፤ ሁሉንም ያሳያል እንጂ አንዱንም አያጸናም። የኤል ኮርቴዝ ጽሑፍ ግን አንድ ቃል ብቻ ይዞ ለብዙ አሠርት ዓመታት ቆሟል። የአሮጌው ሥራ ብልጫ ከዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

አርኪቴክቶቹ ሮበርት ቬንቱሪ፣ ዴኒዝ ስኮት ብራውንና ስቲቨን አይዘናወር በ1972 ዓ.ም. ስለ ላስ ቬጋስ ባሳተሙት የታወቀ መጽሐፍ የከተማይቱን ሕንጻዎች «ያጌጠ መጋዘን» በሚል አጠራር ገልጸዋቸው ነበር። ሐሳባቸው ሕንጻው ራሱ ተራ ሣጥን ነው፤ ትርጉሙን የሚሸከመው ከፊቱ የሚተከለው ምልክት ነው የሚል ነው። የእነርሱ ጥናት ሊቃውንት ይንቁት የነበረውን የመንገድ ዳር ኪነ ሕንጻ በቁም ነገር እንዲታይ ማድረጉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጥናቱ ምልክቱ እንዴት እንደሚናገር አብዝቶ ሲመረምር፣ ምልክቱ ለማን ጥቅም እንደሚናገር አልጠየቀም ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል። በኤል ኮርቴዝ ላይ ምልክቱና ሕንጻው ተመጣጥነዋል፤ ምልክቱ ቤቱን አይውጠውም፣ ቤቱም ምልክቱን አያሳፍረውም። ይህ መመጣጠን የጥበብ ፍሬ ነው። ሆኖም የተመጣጠነው ምልክት የሚጠራው ሰው ወደ ምን እንደሚጠራ ሳይጠየቅ ሊታለፍ አይገባም።

ውስጡና ድምፁ

በሩን ያለፈ እንግዳ መጀመሪያ የሚገጥመው የእንግዳ መቀበያው ሳይሆን የቁማር አዳራሹ ነው። ጣራው ዝቅ ያለ፣ መተላለፊያው የጠበበ፣ ምንጣፉ በኅብረ ቀለም የተዥጎረጎረ ነው። የቀን ብርሃን የሚያስገባ ሰፊ መስኮት፣ ጊዜን የሚያስታውስ የግድግዳ ሰዓት መፈለግ ድካም ነው። ይህ ጠባይ የኤል ኮርቴዝ ብቻ አይደለም፤ የቁማር ቤት ኪነ ሕንጻ ሁሉ ሕግ ነው። ቤተ ክርስቲያን በደወል፣ ፋብሪካ በፉጨት ሰዓትን ሲያውጅ፣ ቁማር ቤት ግን ሰዓትን ይደብቃል።

አዲሶቹ ግዙፍ ሆቴሎች ይህንኑ ሕግ በእብነ በረድና በሐሰተኛ ሰማይ ሸፍነውታል። አሮጌው ቤት አልሸፈነውም፤ በዚህም ከልጆቹ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ከ1941 ዓ.ም. የቀሩት ክፍሎቹ አሳንሰር የሌላቸው፣ በደረጃ ብቻ የሚደረስባቸው ሆነው ለረጅም ዘመን ቆይተዋል። በዚያ ደረጃ የሚወጣ እንግዳ ሻንጣውን በገዛ ክንዱ ተሸክሞ፣ የእርምጃውን ብዛት በገዛ ጉልበቱ ቆጥሮ ነው ክፍሉ የሚደርሰው። በሰው ቁመትና በሰው እርምጃ ልክ የተሠራ ቤት ሰውን አያሳንሰውም። የድሮ ለዛ የሚባለው ነገር በትክክል ሲተረጎም ይህ ነው፤ ልኩ ሰው መሆኑ።

ስለ ሳንቲም መኪናዎቹም የሚባል አለ። ሌሎቹ የቁማር ቤቶች ሳንቲምን በወረቀት ቲኬት ሲተኩ፣ ኤል ኮርቴዝ እውነተኛ ሳንቲም የሚቀበሉና እውነተኛ ሳንቲም የሚተፉ መኪናዎችን ከብዙዎቹ ዘግይቶ አቆይቷል። ጎብኚዎችን ይስቡ ከነበሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። በጉዳዩ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። ሳንቲም ክብደት አለው፤ ከእጅ ሲጎድል እጅ ያውቀዋል። እጁ የጠቆረ፣ ኪሱ የቀለለ ተጫዋች ምን እንደ ከሰረ በሰውነቱ ይረዳዋል። በወረቀትና በቁጥር ብቻ የሚጎድል ገንዘብ ግን ሳይሰማ ይሄዳል። በዚህ ረገድ አሮጌው መኪና ከአዲሱ ይልቅ ለተጫዋቹ የሚነግረው ነገር አለው።

ይሁን እንጂ የነገሩ ሌላ ገጽ መረሳት የለበትም። ሳንቲሙ የሚወድቅበት ሣህን ከብረት የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ሲያሸንፍ የሳንቲሙ መንኳኳት በአዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ነው። ያሸነፈው አንዱ ሲንኳኳለት የከሰሩት ብዙዎቹ ድምፅ የላቸውም። ኪሳራ አያስተጋባም። ስለዚህ በአዳራሹ የሚሰማው ዜማ ከእውነቱ ግማሹን ብቻ መርጦ የሚያሰማ ዜማ ነው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው የአበው አነጋገር ለዚህ አዳራሽ የተነገረ ይመስላል።

ሂሳቡ

የቁማር ቤት ጥበብ ከሌሎች የመዝናኛ ጥበቦች የሚለየው በመሠረቱ ላይ የተቀመጠ የሂሳብ ስሌት ስላለው ነው። ሳይረዱት ስለ ለዛው መናገር ከዋናው ነገር መራቅ ይሆናል።

በአሜሪካ የተለመደው የሩሌት ጎማ 38 ቤቶች አሉት፤ ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች፣ ዜሮና ድርብ ዜሮ። አንድ ሰው በ38ቱም ቤቶች ላይ አንድ አንድ ዶላር ቢያስቀምጥ 38 ዶላር ያወጣል። አንደኛው ቤት መውጣቱ የግድ ነውና 35 ዶላር ተከፍሎት ያስያዘው አንድ ዶላር ይመለስለታል፤ ድምሩ 36 ዶላር ነው። ሁለቱ ዶላር የቤቱ ናቸው። በመቶኛ ሲሰላ 5.26 ይሆናል። ድርብ ዜሮ በሌለው በአውሮፓው ጎማ ላይ የቤቱ ድርሻ 2.70 በመቶ ነው። እንግዲህ በጎማው ላይ የተጨመረችው አንዲት አረንጓዴ ቤት የቤቱን ድርሻ እጥፍ ገደማ ታደርገዋለች። እዚህ ላይ ማታለል የለም፤ ካርታም አይደበቅም። ስሌቱ በጠራራ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ቤቱ ማንንም ሳያጭበረብር ሁሉንም ያሸንፋል።

ኤል ኮርቴዝ በተጫዋቾች ዘንድ የተወደደበት አንዱ ምክንያት በዚህ ስሌት ላይ ከሌሎች የተሻለ ልግስና በማሳየቱ ነው። ሃያ አንድ ወይም ብላክ ጃክ የሚባለውን ጨዋታ በአንድ ጥቅል ካርታ ብቻ በማጫወትና የቆየውን የአከፋፈል ደንብ በመጠበቅ ይታወቃል። በቆየው ደንብ መሠረት አሥር ዶላር ያስያዘ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች ሃያ አንድ ከሞሉለት 15 ዶላር ይከፈለዋል። በስትሪፕ ላይ በተስፋፋው አዲስ ደንብ ግን የሚከፈለው 12 ዶላር ነው። ይህች የሦስት ዶላር ልዩነት የቤቱን ድርሻ በ1.4 በመቶ ገደማ ከፍ ታደርገዋለች። አዲሱ ካፒታል አሮጌው ባለቤት የተወውን ፍርፋሪ እንኳ ለቅሞ መውሰዱን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ የኤል ኮርቴዝ ልግስና እውነተኛ ልግስና ነው፤ ነገር ግን በመጠን የተለካ ነው። ያነሰ የሚወስድ ቤት የማይወስድ ቤት አይደለም። ተጫዋቹ በአሮጌው ጠረጴዛ ዘንድ ቀስ ብሎ ይከስራል፤ በአዲሱ ዘንድ ፈጥኖ ይከስራል። የለዛው ሁለተኛ ምንጭ ይህ ዝግታ ነው። ዝግታው ወግ ለመጫወት፣ ከካርታ አዳዩ ጋር ስም ለመጠያየቅ ጊዜ ይሰጣል። ከዚህ የሚወለደው ወዳጅነት በሰዎቹ ልብ ውስጥ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። የወዳጅነቱን ኪራይ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ግን ሂሳቡ ያሳያል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብትዋን የጣለችው ሴት ተረት በየትኛውም የአከፋፈል ደንብ ቢሆን አይሻርም።

ትዝታን የመምረጥ ጉዳይ

አሮጌ ቤት ከሚሸጣቸው ነገሮች ዋነኛው ትዝታ ነው። ትዝታ ሲሸጥ ደግሞ ይመረጣል። በ1945 ዓ.ም. ቤንጃሚን ሲገልና ማየር ላንስኪ የሚገኙበት፣ በተደራጀ ወንጀል የታወቀ የሸሪኮች ቡድን ኤል ኮርቴዝን ገዛ። በማግሥቱ ዓመት አትርፎ ሸጠውና ገንዘቡን በስትሪፕ ላይ ይሠራ ወደነበረው ወደ ፍላሚንጎ ሆቴል አዞረው። ፍላሚንጎ በዲሴምበር 1946 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ሲገል በጁን 1947 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በቤቨርሊ ሂልስ በጥይት ተገደለ። ቤቱ በዚህ ሰው እጅ የቆየው እጅግ አጭር ጊዜ ነው።

ይሁንና ከብዙ ዓመታት በኋላ በሆቴሉ ውስጥ ለተከፈተ ምግብ ቤት የተሰጠው ስም «ሲገልስ 1941» የሚል ነው። ሲገል ቤቱን የገዛው በ1945 እንጂ በ1941 ዓ.ም. አይደለም። በምግብ ቤቱ ስም ጎን ለጎን የተቀመጡት ሰውና ዓመት በዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ በባለቤትነት አልተገናኙም። ስሕተቱ ትንሽ ቢመስልም አሠራሩን ያጋልጣል። የወንበዴው ስም ቅመም ነው፤ የመሠረቱ ዓመትም ቅመም ነው፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ለገበያ ቀረቡ። በ1941 ዓ.ም. ጡቡን የደረደረው ግንበኛ ስም ግን በየትኛውም ምግብ ቤት ላይ አልተጻፈም።

ይህ ምርጫ ምን እንደሚደብቅ ለመረዳት ከፍሬሞንት ጎዳና ወደ ከተማይቱ ምዕራባዊ ክፍል መሻገር ያስፈልጋል። በጦርነቱ ዘመን ከደቡብ ግዛቶች ሥራ ፍለጋ የመጡት ጥቁር አሜሪካውያን እንዲኖሩ የተገደዱት በዚያ ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁሮች በከተማይቱ የቁማር ሆቴሎች በእንግድነት አይስተናገዱም፤ የሚገቡት በጽዳትና በጓዳ ሥራ ነው። እንደ ናት ኪንግ ኮልና ሳሚ ዴቪስ ያሉ ስመ ጥር ድምፃውያን እንኳ በመድረክ ላይ ተጨብጭቦላቸው ሲያበቁ በዘፈኑበት ሆቴል ማደር የማይችሉበት ጊዜ ነበር። ጥበባቸው በፊት በር ገብቶ እነርሱ በጓሮ በር ይወጡ ነበር።

በሜይ 1955 ዓ.ም. በዚሁ ምዕራባዊ ክፍል ሙላን ሩዥ የተባለ የቁማር ሆቴል ተከፈተ። ጥቁሩም ነጩም በእኩልነት የሚስተናገድበት በከተማይቱ የመጀመሪያው ትልቅ ሆቴል ይህ ነበር። ዕድሜው ግን አጭር ሆኖ በዚያው ዓመት ተዘጋ። በማርች 1960 ዓ.ም. ጥቁሮቹ የሰላማዊ ሰልፍ ማስጠንቀቂያ ከሰጡ በኋላ፣ በጥርስ ሐኪሙ በጄምስ ማክሚላን የሚመራው የመብት ማኅበር፣ የመንግሥት ባለሥልጣናትና የሆቴል ባለቤቶች ወኪሎች በዚያው በተዘጋው ሆቴል ተሰብስበው የቀለም ልዩነቱ በስትሪፕ ሆቴሎች እንዲቀር ስምምነት ላይ ደረሱ። ሙላን ሩዥ በ1992 ዓ.ም. በብሔራዊ መዝገብ ላይ ቢሰፍርም መዝገቡ አላዳነውም። በ2003 ዓ.ም. እሳት በላው፤ የቀረውም ቆይቶ ፈረሰ።

የሁለቱ ቤቶች ዕጣ ሲነጻጸር ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። ሕገ ወጡ ባለቤት ለአጭር ጊዜ የያዘው ቤት ቆሟል፤ የሰው ልጅ እኩልነት የተፈረመበት ቤት ባዶ መሬት ሆኗል። ይህን ያደረገው ኤል ኮርቴዝ አይደለም፤ የአንዱ መዳን ለሌላው መጥፋት ምክንያት አልሆነም። ነገር ግን ገበያ ትዝታን ሲመርጥ የትኛውን እንደሚያነሣና የትኛውን እንደሚጥል ሁለቱ አብረው ይመሰክራሉ። የወንበዴ ትዝታ ይሸጣል፤ የትግል ትዝታ ገዢ አያገኝም።

ተስፋ የሚሰጥም ምሳሌ አልጠፋም። በሎስ አንጀለስ ይሠራ የነበረው ዝነኛው ጥቁር አርኪቴክት ፖል ዊልያምስ የነደፈው፣ በ1961 ዓ.ም. የተሠራው የላ ኮንቻ ሞቴል የእንግዳ መቀበያ ከመፍረስ ተርፎ ከቦታው ተነሥቶ ተጓጉዟል። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ክፍት የሆነው የኒዮን ሙዚየም መግቢያ ሆኖም ያገለግላል። የዛጎል ቅርጽ ያለው ይህ ሥራ የዳነው የሚቆረቆሩለት ሰዎች በመገኘታቸው ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቅርስ በገበያ ቸርነት ብቻ እንደማይጠበቅ ነው።

በጓሮ በር የሚገባው

ጎብኚ አሮጌ ሆቴልን የሚያየው ከፊት በር ነው። ቤቱን በሙሉ የሚያውቀው ግን አልጋ የምታነጥፈው፣ ሣህን የሚያጥበው፣ ካርታ የሚያድለው ሠራተኛ ነው። ለእርሱ ሰዓት አለ፤ የሥራ ፈረቃ ሰዓት። ለእርሱ ያ ደረጃ ለዛ ሳይሆን የተጠቀለለ አንሶላ የሚሸከምበት ዳገት ነው።

የላስ ቬጋስ ሠራተኞች ታሪክ በከተማይቱ ከተሠሩት ሕንጻዎች ሁሉ የማያንስ ሥራ ነው። በፍሮንቲየር ሆቴል በሴፕቴምበር 1991 ዓ.ም. የተጀመረው የሥራ ማቆም አድማ ከስድስት ዓመት በላይ ፈጅቶ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በሠራተኞቹ አሸናፊነት ተፈጸመ። 550 ያህል የነበሩት አድመኞች በቀንና በሌሊት ፈረቃ የአድማውን መስመር ሲጠብቁ አንድም ሰው ከድቶ ወደ ሥራ እንዳልተመለሰ ይነገርላቸዋል። ሆቴሉ ራሱ በ2007 ዓ.ም. ፈርሷል። የቆየው በዚያ የተገኘው የሠራተኛው መተማመን ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በታክሲ ነጂነት፣ በሆቴልና በቁማር ቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩት ብዙዎች ናቸው። በ2023 ዓ.ም. የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር አንዱን ሠፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። በሌሊት ጎብኚውን ወደ ኒዮኑ መብራት የሚያደርሰው ታክሲ ነጂ፣ ሲነጋም ኪሱ የተራቆተውን ወደ ማረፊያው የሚመልሰው፣ የሀገር ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህች ከተማ ሊጻፍ የሚገባው ልብ ወለድ፣ ሊሠራ የሚገባው ቴያትር፣ ምናልባት ከዚያ መሪ ጀርባ ሆኖ በመስታወት የሚታየው ዓለም ይሆናል። ይህ ለደራስያን የተተወ ያልታረሰ መሬት ነው።

ማጠቃለያ

በጠቅላላው ሲታይ ኤል ኮርቴዝ እንደ ኪነ ሕንጻ ሥራ ሊወደድ የሚገባው ቤት ነው። በሰው ልክ ተሠርቷል፤ ምልክቱና አካሉ ተመጣጥነዋል፤ የእጅ ሥራ ያለበትን መብራት ጠብቋል፤ ከዘመኑ ግዙፍ ሐሰተኛ ቤተ መንግሥታት ይልቅ ሥራውን በግልጽ ያሳያል። እነዚህ ሁሉ ለተማሪ ሊታዩ፣ በአርኪቴክት ሊጠኑ የሚገባቸው ባሕርያት ናቸው።

ድክመቱ በይዘቱ ላይ ነው። ውበቱ ቆሞ የሚያገለግለው ሰውን ከደመወዙ ለሚለይ ስሌት ነው። ትዝታውም የተመረጠ ነው፤ የሚያምረውን ወንበዴ አንሥቶ የተከለከለውን እንግዳና የደከመውን ሠራተኛ ይተዋል። ነገር ግን የይዘቱ ድክመት ቅርጹን ለማፍረስ ምክንያት ሊሆን አይገባም። የፈረሰ ቤት አይጠየቅም፤ የሚመሰክረው የቆመ ቤት ብቻ ነው። አሮጌ ቤቶች የሚጠበቁት ያለፈው ዘመን መልካም ስለ ነበር ሳይሆን ያለፈውን ዘመን ለመመርመር ሌላ ምስክር ስለማይገኝ ነው።

ስለዚህ የቅርስ ጠባቂው ሥራ ጡቡንና ኒዮኑን በማደስ አያልቅም። በግድግዳው ላይ የባለቤቶቹ ስም ሲጻፍ የግንበኞቹም ሥራ ይጻፍ፤ ማን እንደ ተስተናገደ ሲነገር ማን እንደ ተባረረ ይነገር፤ የጨዋታው ደንብ በጠረጴዛው ላይ ሲሰፍር የቤቱ ድርሻ በመቶ ስንት እንደ ሆነ ከጎኑ ይስፈር። ያን ጊዜ የኤል ኮርቴዝ ለዛ አይቀንስም። ሂሳቡን ያወቀ ጎብኚ ያንኑ ደረጃ ይወጣል፤ ያንኑ ቀይ ብርሃን ያያል፤ ልዩነቱ ዐይኑን ከፍቶ ማየቱ ነው።